የሚያፏጨው ፒክአፕ፦ ከቢሾፍቱ እስከ ገሱባ

ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ደወለልኝና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ስልኩን ኮፈኑ ሥር ከቶ ፒክአፑን አስነሳው። እኔ ቢሾፍቱ ጋራዤ ውስጥ ቆሜ አዳመጥኩ። ነዳጅ ሲሰጠው ቀጭን ፉጨት አብሮ ይነሳል፣ እግሩን ሲያነሳ ይጠፋል። ከሥር ደግሞ ቆርቆሮ ነገር ይንቀጫቀጫል።

«ጭሱስ?» አልኩት።

«ሰማያዊ ነው። ዘይቱንም አልቻልኩትም፤ ባደረበት ሁሉ ኩሬ ይሠራል።»

ዮናስ የእንስሳት ሐኪም ነው። ተመድቦ ወላይታ ሶዶ ከገባ በኋላ እዚያው ማርታን አግብቶ፣ በዚህ ፒክአፕ ገሱባና ቤሌ ድረስ እየተመላለሰ ከብት ያክማል። ሶዶ ያሳየው መካኒክ ሞተሩ አልቋል፣ ቱርቦውም ሞቷል ብሎ ፈርዶበታል። ሐሙስ ጠዋት አንድ ነጋዴ መጥቶ በብረት ዋጋ ሊወስደው ነው። ከተሸጠ ዮናስ አዲስ አበባ ያገኘውን የቢሮ ሥራ ተቀብሎ ማርታን ይዞ ይሄዳል፤ መኪና የሌለው የከብት ሐኪም ከአስፋልት ወጥቶ የትም አይደርስምና። ማርታ ደግሞ ለእናት ለአባቷ አንድ ናት።

«እኔ ሳላየው እንዳትሸጠው» አልኩት። «ሞተር በስልክ አይቀበርም።»

መካኒክ ነኝ፤ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር እንጀራዬ ነው። ትሕትና የሚያምርባቸው ሰዎች አሉ፣ እኔ ከእነሱ አይደለሁም። ለማያውቀው ልንገር፦ ቱርቦ ቀንድ አውጣ የመሰለ የብረት ቤት ነው። የሞተሩ ጭስ ሲወጣ በመንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለችው እህቷ ንጹሕ አየር እየሳበች ሞተሩን ታጎርሰዋለች። ዘንጓ የሚሽከረከረው በዘይት ውስጥ ነው። ዘይቱ ካጠረባት ወይም ከበዛባት ታኮርፋለች። ይህን ከያዛችሁ የቀረውን ጉዞ አብረን እንሄዳለን።

ሰኞ

ከቢሾፍቱ ሞጆ፣ ከሞጆ ሻሸመኔ፣ ከዚያ መኪና ቀይሬ በአላባ በኩል ወደ ሶዶ። እስከ ሻሸመኔ ያለው ሜዳና ሐይቅ ስለሆነ ለእኛ ለቢሾፍቱ ሰዎች ብርቅ አይደለም። አላባን ሲያልፉ ግን አፈሩ ይቀላል፣ አየሩ ይረጥባል፣ በየቤቱ ጓሮ እንሰቱ ቅጠሉን ዘርግቶ ይቆማል። ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ ሊወጣ አንድ እግሩን በር ላይ አድርጎ ነበር።

አንድ ኬላ ላይ ፖሊስ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። ቁልፎች፣ ካቻቢቴዎች፣ የሐኪም ማዳመጫ፣ የሕፃን ፓውደር።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«መካኒክ።»

«ፓውደሩስ?»

«ለመኪና ነው።»

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሻንጣውን በጥንቃቄ ዘጋልኝ፤ ከእኔ ጋር መከራከር ሥራው እንዳልሆነ የወሰነ ይመስለኛል። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ዓይን ግን ያረፈው ማዳመጫው ላይ ነበር። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ደረታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ልጄ፣ ይህን ስሚልኝ እስቲ። ዳገት ስወጣ ይደክመኛል።»

«እማማ፣ እኔ የማዳምጠው ብረት ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ተሸክሜ ብረት ሆኜ የለ? ስሚ ግድ የለም።»

ሰማሁ። ከተሳፈርንበት ሚኒባስ ሞተር የተሻለ ይመታል። እሱንም ነገርኳቸው፣ ሐኪም ቤት እንዲሄዱም ለመንኳቸው። የተቀቀለ በቆሎ ከፍለው ሰጡኝ፤ እስከ ሶዶ ምሳዬ እሱ ነበር።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ባጃጁ ልክ እንደኛው ነው፣ ዳገቱ ግን እንደኛ አይደለም። ዮናስ በባጃጅ ተቀብሎ ወደ አማቶቹ ግቢ ወሰደኝ። እሱና ማርታ የሚኖሩት እዚያው ግቢ ከኋላ በኩል ባለው ቤት ነው። የማርታ አባት ጋሽ ላሊሶ ከውሃ ሥራ በጡረታ የወጡ የቧንቧ ባለሙያ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው ከሥራ የማይቦዝን ሰው። በግቢው ያለ ነገር ሁሉ በቃጫ ታስሯል። በሩ በቃጫ፣ የውሃ ቱቦው በቃጫ፣ የአቮካዶ መልቀሚያው እንጨት በቃጫ። የፒክአፑ የጎን መስታወት ሳይቀር በጥሩ ቋጠሮ ታስሮ ነበር። ቃጫውን ከጓሯቸው እንሰት ራሳቸው ፍቀው ያደርቁታል። እኛ አገር ለዚህ ሁሉ ሽቦ ነው የምንጠቀመው፤ ለዚያም ሽቦው ዝጎ ይበጠሳል።

እራት ቆጮ፣ ጎመንና ሥጋ ቀረበ፣ ከጎኑ ዳጣ። ሚጥሚጣ ለምጃለሁ የሚል የቢሾፍቱ ሰው ዳጣ ቀምሶ ይናገር። እንባዬን እየጠረግሁ ሳለ የማርታ እናት እማማ አማረች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እርጎ አቀበሉኝ።

«ሙሉ፣ ብላ እንጂ» አሉኝ ጋሽ ላሊሶ። «አልበላህም እኮ።»

የጋሽ ላሊሶ አማርኛ በአንተና በአንቺ ብዙ አይጨነቅም። እኔም ቀኑን ሙሉ ከወንድ ጋር ስለምውል ተመቸኝ። ዮናስና ማርታ እጅ ሊታጠቡ ሲወጡ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ማርታ ከሄደ ይህ ቤት ዝም ይላል። እኔ አትሂድ አልልም፣ ባል አለው። አንተ መኪናውን ታድናለህ?»

«ካልሞተ አድነዋለሁ» አልኩ። በእርግጠኝነት የመለስኩት ሲጠይቁኝ ዓይናቸው እንዴት እንደነበረ ስላየሁ ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ዳሞታ ጉም ለብሶ ነበር። ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳሁትና የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩ። ያረጀ ሞተር በዚህ ቀዳዳ በኩል እንደሚፈላ ማሰሮ ይተነፍሳል። እጄን ደገንኩበት፤ ጸጥ ያለ ነው።

«ሞተርህ አላለቀም» አልኩት ዮናስን።

«እንዴት አወቅሽ እትዬ?»

«አልተነፈሰብኝም።»

ቀጥሎ የሚንቀጫቀጠው። የማዳመጫዬን ጫፍ በቀጭን ዘንግ ስለተካሁት ድምፁን ከምንጩ ያመጣልኛል። ጭስ ማውጫው ላይ ሙቀት እንዳይወጣ የሚሸፍነው ቆርቆሮ አንድ ቡሎን ጠፍቶበት ይደንሳል። ይህ በሽታ አይደለም፣ ጉንፋን ነው። ፉጨቱ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከቱርቦው አየር ወደ ሞተሩ የሚወስደውን መስመር ከሁለት ጫፍ ደፍኜ፣ ከጎረቤት ጎሚስታ አየር ቀስ ብዬ ለቀቅሁበትና በሳሙና ውሃ ቀባሁት። አንደኛው የጎማ ቱቦ አፍ ላይ አረፋ ፈላ። ቱቦውን ስፈታው ውስጡ በዘይት ረጥቦ፣ ላልቶ፣ የሚያስረው የብረት ቀለበት፣ ፋሼታው፣ ሊይዘው አቅቶታል። የቱርቦዋን ዘንግ በጣቴ ይዤ ነቀነቅሁ፤ ወደ ጎን ትንሽ ትላለች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አትልም፣ ክንፎቿም ምንም አልነካቸውም። ሕያው ናት።

ታዲያ አየር ብቻ በሚያልፍበት መስመር ውስጥ ይህን ሁሉ ዘይት ማን ከተተው?

የዮናስ መካኒክ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ላይ ዘይት አይቶ፣ የሞተሩ የኋላ የዘይት መድፈኛ አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ ብሎ ነበር። ዘይት ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ፈላጊው ሽቅብ ነው የሚያየው። ሞተሩን ሙልጭ አድርገን አጠብን። ውሃ የሚያቀብሉኝ ጋሽ ላሊሶ ነበሩ፤ ቧንቧውን በትክክል የት ላይ መርጨት እንዳለባቸው ሳልነግራቸው ያውቃሉ። ሲደርቅ ፓውደሩን ነፋሁበት። ልጅ ያዘለች ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፋ ስታየን ቆየችና ለማርታ በወላይትኛ የሆነ ነገር አለቻት።

«መኪናችሁ ጥርስ አወጣ ወይ ትላለች» አለች ማርታ።

የተረፈውን ፓውደር ለልጇ ሰጠኋት። በማግስቱ አንድ ፌስታል ሙሉ አቮካዶ ላከችልኝ፤ እኛ አገር በፍሬ ተቆጥሮ የሚሸጠው እዚህ ዶሮ ይጭረዋል።

በፒክአፑ በቦዲቲ መንገድ ወጣ ብዬ ተመለስኩና ኮፈኑን ከፈትኩ። ዮናስ ቢሮ ገብቶ ነበር፤ አጠገቤ የነበሩት ጋሽ ላሊሶ ብቻ ናቸው። ነጩ ፓውደር ላይ አንድ ጥቁር መስመር ወርዷል። በጣቴ ሽቅብ ተከተልኩት። ከቱርቦዋ ሥር ዘይቱን ወደ ሞተር የሚመልሰው ቱቦ የሚጋጠምበት ላይ ደረሰ። ከመጋጠሚያው አንድ ወርቃማ ክር ብቅ ብሏል። ሳብኩት። ቃጫ ነው።

«እሱ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ላሊሶ ደስ ብሏቸው። «ዮናስ ስልጠና ሲሄድ ትንሽ ያንጠባጥብ ነበር። በመሃሉ የሚገባው ጓርኒሲዮን ተቀዶ ነው፤ ሶዶ ፈልጌ አጣሁ። በቃጫና በቧንቧ ቅባት አሰርኩለት። ለማንም አልነገርኩም፣ ትንሽ ሥራ ነው።»

ሁለቱን ቡሎኖች ፈታሁና ቱቦውን አወረድኩ። የተጠመዘዘው ቃጫ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ ዘይት ጠጥቶ አብጦ፣ ቀዳዳው ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል። ትንሿ ጣቴ እንኳ አታልፍም።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ክሩን ኪሴ ከትቼ «ቆሻሻ ነው» ልል ዳድቶኝ ነበር። የበላሁት ቆጮ፣ የጠጣሁት እርጎ ሁሉ ትዝ አለኝ። ሰውዬው ግን ባለሙያ ናቸው፣ ቀዳዳውን አይተውታል። ባለሙያን በባለሙያ ቋንቋ ማናገር ነው የሚሻለው።

«ጋሽ ላሊሶ፣ እርስዎ የሚያውቁት ውሃ ከኋላው ገፊ አለው። ቃጫው ሲያብጥ ቧንቧውን ይበልጥ ያጠብቅልዎታል። ይህ ዘይት ግን ቱርቦዋን ካጠጣ በኋላ ገፊ የለውም፤ በክብደቱ ብቻ ነው የሚወርደው። መንገዱ ሲጠብበት ወደ ላይ ይመለሳል። ግማሹ ጭስ ማውጫ ገብቶ ሰማያዊ ይጨሳል፣ ግማሹ አየር መስመር ገብቶ ጎማውን ያላላል፣ እሱ ያፏጫል። የቀረው በመጋጠሚያው ይንጠባጠባል።»

እያንዳንዱን ቃል ሰሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቀዳዳውን እንደገና አዩትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ እንዳይሄድ የምፈልግ እኔ፣ የመሄጃውን ምክንያት በእጄ ሠራሁ ማለት ነው።»

«መጥፎ አስበው አይደለም።»

«ማሰብ ሌላ፣ መሥራት ሌላ።» ቃጫውን ከእጄ ወሰዱት። «ለዮናስ አንተ አትንገር። እኔ እነግራለሁ።»

ቃል ገባሁ። ያን ጊዜ ሳስበው ቀላል ቃል ነበር።

ረቡዕ

ገበያ ወርጄ ለሞተር መጋጠሚያ የሚሆን ወረቀት ገዛሁና በመጋጠሚያው ልክ ቆርጬ አዲስ ጓርኒሲዮን ሠራሁ። ጋሽ ላሊሶ መቀሱን አቀበሉኝ፤ ለዮናስ ግን እስካሁን ምንም አላሉም። ቱቦውን በናፍጣ አጥቤ በአየር ነፋሁት፣ የአየር መስመሩን አጸዳሁ፣ ፋሼታውን ቀየርኩ፣ ዘይቱን ለወጥኩ። ለሚንቀጫቀጠው ቆርቆሮ የጎደለውን ቡሎን ለማሰር ስቸኩል የዘይት መቀበያውን በእግሬ መትቼ የእማማ አማረችን ግቢ አጠቆርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፣ አመድ በትኜ ስለቅም አረፈድኩ። እሳቸው ግን አንዲት ክፉ ቃል አልተነፈሱም፤ ይልቁንም ለመንገድ የሚሆን ምግብ ቋጠሩልን።

ከገሱባ ወዲያ ያለ ገበሬ በሬው ሆዱ ተነፍቶ ለዮናስ ደውሎ ነበርና ለሙከራ እዚያው ሄድን። ገና ስንነሳ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። ዮናስ መሪውን በመዳፉ መታ።

«ያው ነው እትዬ።»

«ጭስ ማውጫው ውስጥ የተጠራቀመው ተቃጥሎ ይለቅ። ንዳ።»

የገሱባ መንገድ ጎማ ብቻ ሳይሆን ጥርስም ይፈትናል። በክረምቱ የታረሰ ይመስላል፤ የቢሾፍቱን አስፋልት የለመደ ወገብ ይጮኻል። ዳገቱ ላይ ስንደርስ በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ጭሱ ሳስቶ ነበር። ሁለተኛው ዳገት ላይ ጠፋ። ፉጨት የለም፣ መንቀጫቀጥ የለም፣ ቱርቦዋ ስትገባ ብቻ ከጀርባ ገፋ የምታደርግ ጉልበት ትሰማለች። ዘፈን ብችል እዘፍን ነበር።

ዮናስ ግን አልሳቀም።

«ምን ነበር?» አለኝ።

«የዘይት መመለሻው ተደፍኖ ነበር።»

«በምን?»

ለጋሽ ላሊሶ ቃል ገብቻለሁ። «ነገ ትሰማለህ።»

«እትዬ፣ እኔ ሐኪም ነኝ። ምክንያቱን ያላወቅሁት በሽታ ሲሻለው አልደሰትም፤ ይመለሳል። ዛሬ ድኖ ከወር በኋላ ሌሊት በረሃ ቢጥለኝስ? በዚህ ዓይነት ነጋዴው ይውሰደው።»

ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። መኪናውን አድኜ ሽያጩን ገና እንዳላዳንኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሬው ግቢ መሃል እግሩን አንፈራጥጦ፣ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቆሟል። ዮናስ በአፉ ቱቦ ሰድዶ ታገለ፤ ድንገት አየሩ ሽው ብሎ ወጣ፣ ሆዱም ሟሸሸ። ባለ በሬው እጁን በእጁ ላይ አድርጎ ሲያይ ቆይቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የወንድሜ ሥራ ከእኔ ሥራ ብዙ እንደማይርቅ ያን ቀን አየሁ። ኮራሁበትም። ቦይና የሚሉት ሥራ ሥር ተቀቅሎ በቅቤ ቀረበልን፤ ሳንበላ መሄድ አይታሰብም። ስንደርስ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ ሳናጠፋ ስለተውነው ባለ በሬው ለምን እንደሆነ በዮናስ በኩል ጠየቀኝ። ዳገት የወጣች ቱርቦ ትኩስ ናት፣ ዘይት እየጠጣች ትረፍ አልኩት። በሬም ከእርሻ ሲመለስ ወዲያው አይታሰርም አለና ተስማማ።

ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አነጠፍኩ። ጋሽ ላሊሶ እራት ላይ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ሁለቱንም ጊዜ ጨው ጠየቁ። እኔም ሳህኔን እያየሁ ተበሳጨሁባቸው።

ሐሙስ

ካርቶኑ ደረቅ ነበር። አንዲት ጠብታ የለችበትም።

ነጋዴው በባጃጅ መጣና ባጃጁን አሰናበተው፤ መኪና እየነዳ የሚመለስ ሰው ነዋ። ሞተሩን አስነስቶ ሲሰማ ቅንድቡ ተነሳ፣ ወዲያው ግን አወረደው። ነጋዴ ነው።

«እንደተነጋገርነው» አለ።

ዮናስ ቁልፉን በእጁ ያገላብጣል። ማርታ የቤቱ ደፍ ላይ ቆማ ባሏን ታያለች። እኔ ምላሴን ነክሼ ጋሽ ላሊሶን አያለሁ። ሊናገሩ ካልሆነ ቃሌን ላፈርስ ቆርጬ ነበር።

ጋሽ ላሊሶ ከጓሮ መጡ። ከነጋዴው ጋር በወላይትኛ መነጋገር ይችሉ ነበር፤ እኔና ዮናስ እንድንሰማ በአማርኛ ጀመሩ። መዳፋቸውን ከፈቱ። ያ ጥቁር ዘይት የጠገበ ቃጫ ነበር።

«ዮናስ፣ መኪናህን ያፈነው ይህ ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ። አንተ ስልጠና ስትሄድ ያንጠባጥብ ነበር፣ ረዳሁ ብዬ ቀዳዳውን ዘጋሁ። እህትህ ሙሉ ማክሰኞ አገኘ፣ አትንገር አልኩት፣ አፈርኩ። መኪናው በሽታ የለውም። በሽታው እኔ ነበርኩ። አሁን መሄድ ከፈለጋችሁ ሂዱ፤ በእኔ ጥፋት ግን አትሂዱ።»

እማማ አማረች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ማርታ ወርዳ መጥታ ቃጫውን ከአባቷ መዳፍ አነሳችና አየችው።

«አባዬ፣ መኪና ማሰር ከምታውቅ እኔን አትሂጂ ማለት ይከብድሃል?»

«ይከብዳል» አሉ።

ማርታ ግንባሯን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች። ዮናስ ቃጫውን ተቀብሎ እንደ ሐኪም አገላብጦ አየው፣ ጎተተው፣ አሸተተው። ከዚያ ቁልፉን ጨበጠና ወደ ነጋዴው ዞረ።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ መኪናው አይሸጥም። ምክንያቱ ታውቋል።»

«ታዲያ እኔ በምን ልመለስ?» አለ ነጋዴው።

«ግባ፤ እህቴን መናኸሪያ አድርሼ አንተን ሱቅህ እጥልሃለሁ። ከዚያ የትናንቱን በሬ ለማየት ገሱባ እሄዳለሁ።» የፊቱን በር ከፍቶ ያዘ። «ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ። ዳገቱ ላይ ድምፁን አብረን እንስማው።»

እኔና ነጋዴው ከነሻንጣዬ ከኋላ ተጠጋጋን። ጋሽ ላሊሶ ወደ ቤት ገብተው ኮት እንኳ ሳይደርቡ፣ የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ከፊት ገቡ።